ጊዶኒያ፦ ነፋስ ይመረመርባት የነበረች ከተማ

ከሮም ወጣ ብላ የምትገኘው ጊዶኒያ ስሟን የወረሰችው ከአንድ ሟች ነው። የአየር ኃይል ጄኔራልና መሐንዲስ የነበረው አሌሳንድሮ ጊዶኒ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1920 ዓ.ም. አዲስ የአየር ጃንጥላ በገዛ ሰውነቱ ሊፈትን በሞንቴቼሊዮ ሜዳ ላይ ከአውሮፕላን ዘለለ፤ ጃንጥላው ግን አላዳነውም። ልክ በሰባተኛው ሙት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የሙሶሊኒ መንግሥት ከዚያው ሜዳ አጠገብ በስሙ ከተማ ቆረቆረ።

ሜዳው የኢጣልያ አየር ኃይል የምርምርና የሙከራ ማዕከል ነበር። ከሕንፃዎቹ ሁሉ የሚደንቀው የነፋስ ዋሻው ነበር። በዋሻው ውስጥ የአውሮፕላኑ አምሳያ ቆሞ ነፋሱ ይሮጥ ነበር፤ ያውም ከድምፅ በሚፈጥን ፍጥነት። ለባሕር አውሮፕላኖች መፈተኛም ረጅም የውሃ ገንዳ ተሠርቶ ነበር።

ከመስከረም 19 እስከ 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የዓለም ዕውቅ የበረራ ሊቃውንት ስለ ከፍተኛ ፍጥነት ሊመክሩ ሮም ላይ ተሰበሰቡ። ቡዘማን የተባለ የ34 ዓመት ጀርመናዊ፣ ክንፍ ወደ ኋላ ቢያዘነብል ከድምፅ በላይ የሚበር አውሮፕላን የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ እንደሚቀንስ ያስረዳው በዚያ ጉባኤ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ጆሮ አላገኘም።

ጉባኤው ገና ሳይበተን፣ መስከረም 22 ቀን፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች አድዋን በቦምብ ደበደቡ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አድዋ ላይ ያንዣበበው ካፕሮኒ 101 የዚያ ዋሻ ልጅ አልነበረም፤ ከተማዋ ሳትቆረቆር የተሠራ፣ ዘገምተኛ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ነው። ተዋጊ አውሮፕላን በሌለው ሕዝብ ላይ ለመዝመት የድምፅን ፍጥነት መቅደም ምን ያስፈልጋል? በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ሲወርድም ያወረዱት እንዲህ ያሉ ዘገምተኞች ነበሩ።

ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም. ማሪዮ ፔዚ ከጊዶኒያ ተነሥቶ 17,083 ሜትር ከፍታ ላይ ደረሰ። ዋሻውን ይመራ የነበረው ወጣት ሊቅ አንቶኒዮ ፌሪ ደግሞ፣ ጀርመኖች በ1936 ዓ.ም. መባቻ አገሩን ሲይዙ ከአርበኞች ጋር ተሰለፈ። ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በላንግሌይ ቤተ ሙከራ የከፍተኛ ፍጥነት ምርምሩን ቀጠለ። ያዘነበለውን ክንፍም ዛሬ ከቦሌ በሚነሡ የመንገደኞች ጄቶች ላይ እናየዋለን።