ነባር የቅንጦት አውቶሞቢል ለወላጅ ስጦታ፤ የመርሴዲስ ቤንዝ ታሪክ ለምርጫው የሚሰጠው ትምህርት

በሀገራችን ልማድ ለአዛውንት የሚቀርብ መጓጓዣ ከጥንት ጀምሮ የራሱ መመዘኛ ነበረው። ለጎልማሳ ጋላቢ ፈረስ ሲመረጥ ለሽማግሌ ሰጋር በቅሎ ይፈለግ ነበር፤ የተቀማጩን ወገብ የማይጎዳ እርምጃዋና በገደል ላይ የሚታመነው አረጋገጧ ከፍጥነትና ከመልክ ይልቅ ይቆጠሩ ነበርና። አውቶሞቢል በቅሎዋን ከተካት ወዲህ ግን ይህ መመዘኛ የተዘነጋ ይመስላል። ልጅ ለአባቱ ወይም ለእናቱ በወጣትነታቸው ዘመን ከሩቅ ያደነቁትን ነባር የቅንጦት መኪና ለማበርከት ሲነሣ፣ በመጀመሪያ የሚማርከው የሚያብረቀርቀው ኒኬል፣ የቆዳው ወንበርና የሞተሩ ጉልበት ነው። ያገለገለው መኪና ዋጋም ብዙ ጊዜ ከአንድ አዲስ ተራ መኪና ዋጋ ያነሰ ሆኖ ስለሚገኝ ምርጫው ቀላል መስሎ ይታያል።

ነገር ግን የመኪናው ዋጋ በዕድሜው ምክንያት ሲወርድ የመለዋወጫውና የእድሳቱ ዋጋ አብሮ አይወርድም። መኪና የሰጠ ሰው የመኪናውን ጥገናም አብሮ ሰጥቷል። ወላጅ ይህን ሸክም በጡረታ ገቢው ሊችለው ካልቻለ መኪናው በግቢ ውስጥ ይቆማል፤ መቆሙንም ለልጁ መንገር ስለሚያሳፍረው ነገሩን ደብቆ ይኖራል። በደስታ የተሰጠው ስጦታ በዚህ ዐይነት በሁለቱ መካከል የማይነገር ቅሬታ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ የጀርመኑን የዳይምለር ቤንዝ ኩባንያ ሥራዎች በዋና ምሳሌነት ወስዶ፣ ለወላጅ የሚስማማው ነባር የቅንጦት መኪና የትኛው እንደ ሆነ ከአሠራሩ ታሪክ ለመረዳት እንደሚቻል ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. በመሣሪያ ብዛት የተገለጸ ቅንጦት

ኩባንያው በ1963 በፍራንክፈርት የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ 600 የተባለውን ታላቅ መኪና ለሕዝብ አቀረበ። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደርና 6.3 ሊትር ይዘት ነበረው። የመስኮቶቹ መስታወት፣ ወንበሮቹና የዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይሆን 150 ባር ያህል ግፊት ባለው ዘይት ነበር። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ጸጥታው ነው፤ መስታወቱ ሲወጣና ሲወርድ ተሳፋሪው ድምፅ አይሰማም። እስከ 1981 ድረስ የተሠሩት 2,677 ብቻ ሲሆኑ፣ ከባለቤቶቻቸው መካከል ርእሳነ ብሔርና ነገሥታት ይገኙ ነበር።

በ1965 የወጣው የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶም የመኪናውን ከፍታ ለሚያስተካክለውና ፍሬኑን ለሚያግዘው የዘይት ግፊት ዘዴ ከፈረንሳዩ ሲትሮኤን ፈቃድ ወስዶ ተጠቅሟል። ዳይምለር ቤንዝ ራሱ በ1975 ያወጣው 450 ኤስኢኤል 6.9 በብረት ሞላ ፈንታ በዘይትና በጋዝ ግፊት የሚደገፍ ነበር። 286 የፈረስ ጉልበት የነበረው ይህ መኪና ምርቱ እስከ ቆመበት እስከ 1980 ድረስ 7,380 ያህል ተሠርቷል።

እነዚህ ሁሉ የምሕንድስና ታላላቅ ሥራዎች መሆናቸው አያከራክርም። ሆኖም የታሰቡት ሾፌርና መካኒክ ዘወትር በአጠገቡ ለሚቆሙለት ባለቤት ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ ዘይቱን የሚያግዱት የጎማ ክፍሎች ይደርቃሉ፤ አንድ ቧንቧ ሲያፈስ መስታወቱ ከወረደበት አይመለስም፤ ወይም መኪናው በጎማዎቹ ላይ ተኝቶ ያድራል። ጥገናውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ የብዛታቸው ማነስም መለዋወጫውን ውድ ያደርገዋል። በመሆኑም ለሰብሳቢ ክብር የሆነው መኪና ለጡረተኛ ዕዳ ይሆናል።

ለ. በጽናት የተገለጸ ቅንጦት

በዚያው ፋብሪካ ውስጥ ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ የአሠራር ልማድ ነበር። መነሻው በከፊል የናፍጣ ሞተር ነው። በ1936 የቀረበው 260 ዲ በተከታታይ ከተመረቱት የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎች አንዱ ሲሆን፣ በተለይ በታክሲ ባለቤቶች ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። የታክሲ ባለቤት መኪናውን የሚመዝነው ሳይሠራ በቆመባቸው ቀናት ቁጥር ነው፤ መኪና በቆመ ቀን እንጀራ የለምና። ይህ ጥብቅ ደንበኛ ፋብሪካው ለረጅም ዕድሜና ለቀላል ጥገና እንዲጨነቅ ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

ልማዱ በግልጽ የሚታየው በፋብሪካው መለያ ደብሊው 123 በተባለው መኪና ላይ ነው። በጥር 1976 ለሕዝብ ቀርቦ እስከ 1986 መጀመሪያ ድረስ ሲመረት የቆየ ሲሆን፣ በጠቅላላው 2.7 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል። በደረጃው ከታላቁ ኤስ ክላስ ዝቅ ያለ ቢሆንም በዘመኑ ሐኪሙ፣ ጠበቃውና ነጋዴው የሚመኙት የምቾት መኪና ነበር። ጥገናን ለማቅለል የታሰበባቸው ዝርዝሮች ብዙ ናቸው። የሞተሩ ኮፈን ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ስለሚከፈት መካኒኩ ከሁሉም አቅጣጫ ይሠራል። የናፍጣ ሞተሮቹ የቫልቭ ክፍተት በተራ መፍቻ ይስተካከላል። የናፍጣው አረጫጨት ሙሉ በሙሉ ሜካኒካዊ በመሆኑ ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ የኤሌክትሪክ እርዳታ ሳይሻ ይሠራል።

ስለዚህ ጽናት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከደብሊው 123 ቀደም ብሎ የወጣው ዐይነት የሆነ፣ የአንድ ግሪካዊ ታክሲ ነጂ 240 ዲ ነው። 4.6 ሚሊዮን ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ በ2004 በኩባንያው የሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብቷል። መሐንዲስ ሊያስተውለው የሚገባው ግን ርቀቱ የተሸፈነው ሞተሩ በተደጋጋሚ እየተለዋወጠ መሆኑን ነው። ረጅም ዕድሜ የሚገኘው ክፍሎቹ ፈጽሞ ባለመሰበራቸው አይደለም፤ የተሰበረው በቀላሉ ወጥቶ ሌላው በቦታው ሊገባ በመቻሉ ነው።

ሐ. የደኅንነት ታሪክ

ለወላጅ የሚመረጥ መኪና ሁለተኛው መመዘኛ በአደጋ ጊዜ የሚሰጠው ጥበቃ ነው። በዚህ ረገድ ቤላ ባረኒ የተባለው የኩባንያው መሐንዲስ በ1951 ያቀረበው የፈጠራ ማመልከቻ ታላቅ ምዕራፍ ከፈተ። ቀደም ሲል ጠንካራ መኪና ማለት ከፊት እስከ ኋላ የማይታጠፍ መኪና ማለት እንደ ሆነ ይታሰብ ነበር። ባረኒ ግን የግጭቱ ኃይል ወደ ተሳፋሪው እንዳይተላለፍ የመኪናው የፊትና የኋላ ክፍሎች ታጥፈው ኃይሉን እንዲመጡ፣ ሰው የሚቀመጥበት መካከለኛው ክፍል ግን ጸንቶ እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ። በ1959 የወጣው ደብሊው 111 ይህ ሐሳብ በሥራ የተተረጎመበት የመጀመሪያው የተከታታይ ምርት መኪና ሆነ።

በ1972 ኤስ ክላስ የሚለውን መጠሪያ በይፋ የያዘው ደብሊው 116 ወጣ። ለዚህም መኪና በ1978 መጨረሻ ላይ ከቦሽ ኩባንያ ጋር የተሠራው ኤቢኤስ የተባለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ቀረበለት። ይህ መሣሪያ የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት እየተከታተለ፣ ነጂው ፍሬኑን በኃይል ሲረግጥ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ያላላል፤ ነጂውም ፍሬን እንደያዘ መሪውን ለማዞር ይችላል። ተከታዩ ደብሊው 126 በ1979 ለሕዝብ ታይቶ እስከ 1991 ድረስ ሲመረት ከ800,000 በላይ ባለ አራት በር መኪናዎች ተሠርተዋል። በ1981 ለሕዝብ የቀረበው የነጂው የአየር ከረጢት የታየውም በዚሁ መኪና ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እነዚህ መኪናዎች ለዘመናቸው የተራቀቁ ቢሆኑም መኪናው በመንሸራተት ላይ ሳለ ሚዛኑን የሚያስጠብቀው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በተከታታይ ምርት መግባት የጀመረው በ1995 ነው። ስለሆነም ዘወትር በአውራ ጎዳና ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚጓዝ ወላጅ አዲስ ተራ መኪና ከማንኛውም ነባር የቅንጦት መኪና የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል። ነባሩ መኪና የሚስማማው ለከተማ አካባቢ ጉዞ፣ ለበዓልና ለቤተ ዘመድ ጥየቃ ነው።

መ. ከታሪኩ የሚወጣው ምርጫ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው ለወላጅ የሚቀርቡት ምርጫዎች በመሠረቱ ሁለት ናቸው። ቀላል ጥገናን የሚያስቀድም ደብሊው 123ን ይመርጣል፤ ከናፍጣዎቹም አምስት ሲሊንደር ያለው 300 ዲ ከ240 ዲ ይሻላል። የ240 ዲ ጉልበት በመጀመሪያ 65፣ በኋላም 72 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለ ነበር ከቆመበት ሲነሣ እጅግ ዘገምተኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአነስተኞቹ ሞዴሎች ላይ የመሪ ማገዣ በተጨማሪ ክፍያ ይታዘዝ ስለ ነበር፣ ክንዱ ለደከመ ሰው ይህ መኖሩ አስቀድሞ ይረጋገጥ። ምቾትንና ደኅንነትን የሚያስቀድም ደግሞ ከ1985 እድሳት በኋላ የተሠራውን ደብሊው 126 በስድስት ሲሊንደሩ 300 ኤስኢ ሊወስድ ይችላል። ስምንት ሲሊንደር ያላቸው ወንድሞቹ ጉልበታቸው ቢበልጥም ነዳጅ ይበላሉ፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት የሚመራባቸው የፕላስቲክ ክፍሎችም በዕድሜ ተሰብረው ሞተሩን ለከባድ ጉዳት ሊያጋልጡ ይችላሉ።

ምርመራው ከላሜራው መጀመር አለበት። ሞተር ወርዶ ይታደሳል፤ የዛገ አካል ግን ተቆርጦ እስኪበየድ ድረስ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። በደብሊው 123 ላይ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ ከበሮቹ ሥር ያለው ረጅም ብረት፣ የባትሪው መቀመጫና የመጠባበቂያ ጎማው ማስቀመጫ ይታያሉ። በደብሊው 126 ላይ የመስታወቶቹ ዙሪያና በፕላስቲክ የተሸፈነው የጎኑ የታችኛው ክፍል ዝገትን ደብቀው ስለሚይዙ መሸፈኛው ወልቆ መታየት አለበት። ቀጥሎ የበሮቹ ቁልፍና በናፍጣዎቹ ደግሞ ሞተሩን የሚያጠፋው መሣሪያ የሚሠሩት አየር በመምጠጥ ዘዴ ስለሆነ፣ ቁልፉ ተመልሶ ሞተሩ ወዲያው ካልጠፋ በቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ላይ ክፍተት መኖሩ ይገመታል። ይህ ጥገናው ቀላል ነው፤ የዋጋ መደራደሪያም ይሆናል። ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ተነድቶ ለብዙ ዓመት የቆመ መኪና ደግሞ ከሚታሰበው ይልቅ ያጠራጥራል፤ ጎማ የሆነው ሁሉ በመቆም ይደርቃልና። ብዙ ተነድቶ የጥገና መዝገቡ የተሟላው ይመረጣል።

ከመኪናው ጋር ወላጁም ይታይ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሳይጎነበስ የሚገባበትና እጁን ተደግፎ የሚወጣበት ባለ አራት በር ይፈልጋል፤ ሁለት በር ያለው የተመሳሳይ መኪና ዐይነት ለዐይን ቢያምርም ወንበሩ ዝቅ፣ በሩም ረጅም ስለሆነ በጠባብ ቦታ ያስቸግራል።

ሠ. የስጦታው ቦታ

ወላጁ የሚኖርበት ሀገር ሕግ ምርጫውን ይወስነዋል። በጀርመን ከ1997 ጀምሮ ዕድሜያቸው 30 ዓመት የሞላና ጥንተ ይዞታቸው የተጠበቀ መኪናዎች ታሪካዊ ተብለው ልዩ ታርጋ ይሰጣቸዋል። በ1993 በፌልባህ የተቋቋመው የኩባንያው የነባር መኪናዎች ማእከልም መለዋወጫ ያቀርባል። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር የሚጨምር ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በውጭ ሀገር የሚኖር ልጅ በኢትዮጵያ ላሉት ወላጆቹ ነባር መርሴዲስ ለማበርከት ቢመኝ፣ በሀገር ውስጥ ካሉት መካከል መፈለግ እንጂ ከውጭ ገዝቶ መላክ አይሆንለትም።

በየትኛውም ሀገር ቢሆን ስጦታው ሙሉ የሚሆነው በቁልፉ ርክክብ አይደለም። ልጁ በጀቱን ሁሉ ለግዢው ሳያውል ከፊሉን ለመጀመሪያው ዓመት እድሳት ቢያስቀር፣ ፍሬኑን፣ ጎማዎቹን፣ የዘይትና የውሃ ቧንቧዎቹን ከማስረከቡ በፊት ቢያስለውጥ፣ መኪናውን የሚያውቅ መካኒክ በወላጁ ሰፈር አግኝቶ ሒሳቡን በራሱ ስም ቢያስይዝ፣ ወላጁ ስለ ብልሽት የሚያፍርበት ምክንያት አይኖረውም። በመኪናው ክብርና በደስታ ይጓዝበታል፤ ሲበላሽም ለልጁ ደውሎ ይነግረዋል።