ሂሩት አሰፋ (የ«ድፍረት» ፊልም ገጸ ባሕርይ)

ሂሩት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ በበቃው «ድፍረት» የተሰኘ የአማርኛ ፊልም ውስጥ የምትገኝ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። ሚናውን የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ስትሆን፣ ይህ የመጀመሪያዋ የፊልም ሥራ ነው። ሂሩት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት የገጠር ልጅ ናት። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፣ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች።

ፊልሙ በአንድ በኩል የፍርድ ቤት ድራማ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ አንዲት ልጅ ሳትፈልግና ሳትዘጋጅ ከልጅነት እንዴት እንደወጣች ይተርካል። መነሻው በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ይሁን እንጂ፣ ጠለፋ ሐዲያንና ከምባታን ጨምሮ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ለረጅም ጊዜ የኖረ ድርጊት ነው።

የፊልሙ ታሪክ

ታሪኩ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ገጠር ነው። ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረስ የሚጋልቡ ወንዶች ከበው ይወስዷታል። ሊያገባት የፈለገው ሰው ቆልፎባት ይደፍራታል። በማግስቱ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች፤ ሲደርሱባትም ተኩሳ ትገድለዋለች።

ከዚህ በኋላ በሁለት ፍርድ መካከል ትቆማለች። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በመደበኛው ሕግ ነፍሰ ገዳይ ናት ይሏታል። የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው በባህሉ መሠረት ጉዳዩን ያያሉ። ሸንጎው የወንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ሂሩት ሕይወት ሲወሰን ሂሩት በቦታው የለችም። ውሳኔውም ከአካባቢው እንድትርቅ የሚያደርግ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ (ሜሮን ጌትነት) ጉዳዩን ትይዛለች። መዓዛ ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማኅበር ውስጥ የምትሠራ ሲሆን፣ ሂሩት ራሷን ለመከላከል ስትል ያደረገችው ነው ብላ ትከራከራለች። ሂሩት በመጨረሻ ነጻ ትወጣለች። ሆኖም ሽማግሌዎቹ ከቀዬዋ ስላራቋት፣ ከእስር መፈታቷ ወደ ቤት መመለስ አይሆንላትም።

ተዋናይቷና ሚናው

ፊልሙን የጻፈውና ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ የፊልም ትምህርቱን በአሜሪካ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተከታትሏል። «ድፍረት» የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን፣ ርዝመቱ 99 ደቂቃ ነው።

ሁለቱ ዋና ሚናዎች በጣም በተለያየ ልምድ ላይ ላሉ ተዋንያን ተሰጥተዋል። ሜሮን ጌትነት ቀድሞም በቴሌቪዥን ድራማ በተመልካች ዘንድ የታወቀች ነበረች። ትዝታ ሀገሬ ግን ለካሜራ አዲስ ነበረች። ይህ ልዩነት ታሪኩን ይጠቅመዋል፤ መዓዛ የቃላት ሰው ናት፣ ሂሩት ግን ብዙም አትናገርም። ጠበቃዋ ስትከራከር፣ ስትጠይቅና ስትቆጣ፣ ሂሩት በአብዛኛው ታዳምጣለች፣ ታቀረቅራለች ወይም ዝም ትላለች።

የሚናው ክብደትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሂሩት እንደ ጀግና ብትቀርብ ፊልሙ የበቀል ታሪክ ይሆን ነበር። ምስኪን ተጎጂ ብቻ ብትሆን ደግሞ የጠበቃዋ ታሪክ ብቻ ይቀር ነበር። ትዝታ የተጫወተቻት ሂሩት ሁለቱንም አይደለችም። ሰው ገድላለች፣ ነገር ግን ገና ልጅ ናት፤ ያደረገችው ነገር ትክክል ይሁን አይሁን ራሷም እርግጠኛ አይደለችም። ስለ መብት የሚነገራት ሁሉ አዲስ ነው። የእርሷ ማደግ የሚታየው ሌሎች በእርሷ ላይ ሲወስኑ ከኖሩበት ሁኔታ፣ ስለ ራሷ ጉዳይ መናገር ወደምትጀምርበት ሁኔታ በምታደርገው አዝጋሚ ጉዞ ነው።

የርዕሱ ትርጉም

«ድፍረት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ጀግንነት፣ አለመፍራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ደፈራት»፣ «ተደፈረች» ከሚሉት ግሶች ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በሴት ላይ የሚፈጸምን የወሲብ ጥቃት ያመለክታል። በፊልሙ ውስጥ በሂሩት ላይ የደረሰውም፣ ሂሩት ያደረገችውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ይህ ድርብ ትርጉም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ይጠፋል፤ ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊንም በአማርኛ ስሙ ታይቷል።

ታሪኩ የተመሠረተበት ጉዳይ

እውነተኛው ጉዳይ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ተደፈረች፣ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን ገደለች። ጉዳዩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናት። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ራስን ለመከላከል የተፈጸመ መሆኑን ተቀብሎ ልጅቷን በነጻ አሰናበታት።

መዓዛ አሸናፊ ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና ተሾመች። ይህን ሥልጣን በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ድረስ በኃላፊነቱ ላይ ቆይታለች።

ሕጉ ያኔና ዛሬ

ጉዳዩ በታየበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። ይህ ሕግ ለጋብቻ የሚደረግን ጠለፋ ከ3 ዓመት በማይበልጥ እስራት ይቀጣ ነበር። ከዚህም በላይ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ጋብቻው ራሱ ወንጀሉን ይሸፍነው ነበር። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅና ጋብቻውን ማጽደቅ ለጠላፊው ቤተሰብ የተለመደ መውጫ የሆነው በዚህም ምክንያት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን መንገድ ዘጋ። በአንቀጽ 587 መሠረት ለጋብቻ ተብሎ የሚፈጸም ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከጠለፋው ጋር የመድፈር ወንጀል ከተፈጸመ ለእርሱም ቅጣት አለ። በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል።

በሐዲያና በከምባታ

የፊልሙ ሁለት ሸንጎዎች፣ ማለትም ፍርድ ቤቱና የዛፍ ሥር ጉባኤው፣ እስከ መጨረሻው አይገናኙም። ሁለቱን የማገናኘት ሙከራ በስፋት ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ የከምባታ አካባቢ ነው።

በከምባታ ተወልዳ ያደገችው ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ፍቅርተ ገብሬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ» የተባለውን ድርጅት መሠረተች። ስሙ በከምባትኛ የከምባታ ሴቶች በኅብረት መሥራታቸውን የሚገልጽ ነው። ድርጅቱ የሚታወቀው የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን በመቃወም ሥራው ሲሆን፣ ከዱራሜና ከአካባቢው ተነስቶ ወደ ሐዲያና ወደ ሌሎች አጎራባች አካባቢዎችም ደርሷል።

ቦጋለች መጀመሪያ ወደ አካባቢው ስትመለስ ስለ ጤና ለማስተማር አስባ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ እንደሚያስፈልጋቸው ነገሯት። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ አመኔታ ተገኘ። ከዚያም ሴቶች፣ ወንዶች፣ ወጣቶችና ሽማግሌዎች አብረው የሚቀመጡበት የማኅበረሰብ ውይይት በየቀበሌው ተጀመረ። እድሮችም ግርዛትንና ጠለፋን የሚከለክሉ ደንቦችን ማውጣት ጀመሩ።

በእድር ደንብ መከልከል ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ከእድር የተገለለ ሰው በሐዘኑ ጊዜ የሚደርስለት ያጣል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ቅጣት ፖሊስ ጣቢያ ርቆ በሚገኝበት ገጠር ጭምር ይሠራል። በፊልሙ ሂሩትን ያራቃት የማኅበረሰብ ኃይል፣ በከምባታ ልጃገረዶችን ለመጠበቅ ውሏል። ቦጋለች ለዚህ ሥራዋ የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦዱዌን የአፍሪካ ልማት ሽልማት ያገኘች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አርፋለች።

አቀባበል

ፊልሙ በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ በዓለም ሲኒማ የድራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ወር በበርሊን ፌስቲቫል የፓኖራማ ክፍልም በተመልካቾች ድምፅ አሸነፈ። አሜሪካዊቷ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊና አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ከዋና ፕሮዲውሰሮቹ መካከል ናቸው። ምሕረት ማንደፍሮ ደግሞ በፕሮዲውሰርነት ሠርታለች።

በአዲስ አበባ የፊልሙ ምረቃ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ በፍርድ ቤት እግድ ተቋርጦ ነበር። ክርክሩ የእውነተኛውን ታሪክ ባለመብትነት የሚመለከት ነበር፤ እግዱ ሲነሳም ፊልሙ ለሕዝብ ቀርቧል። ኢትዮጵያ «ድፍረት»ን በ87ኛው የኦስካር ውድድር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ እንዲወክላት ብትልከውም ለመጨረሻው ዕጩነት አልደረሰም።

በቀጣዩ ዓመት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የተሰኘ ፊልም በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። በዚያም ፊልም ውስጥ ቅድስት ስዩም ማንበብ የምትወድና ጋብቻን የማትቸኩል የገጠር ወጣት የሆነችውን ጽዮንን ተጫውታለች። ሂሩትና ጽዮን በተከታታይ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው በዓለም ፌስቲቫሎች የታዩ፣ ትምህርትን ከተጠበቀባቸው ጋብቻ ያስቀደሙ ሁለት የገጠር ልጃገረዶች ናቸው።