የሐምብሊን ቤት የማን ቤት ነው?

በዩታ ግዛት ደቡብ፣ በትንሿ የሳንታ ክላራ ከተማ፣ የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም አድርጋ የምትጠብቀው የአሸዋ ድንጋይ ቤት አለ። የጄኮብ ሐምብሊን ቤት ይባላል። ሐምብሊን በ1854 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ፓዩት ሕዝብ ከተላኩት ሰባኪዎች አንዱ ነበር፤ ከ1858 ጀምሮ ደግሞ ከኮሎራዶ ወንዝ ማዶ ወዳሉት ሆፒዎች እየተመላለሰ በአስታራቂነትና በመንገድ መሪነት ታወቀ። ስሙን ያስጠራው መንገዱ ነው። ቤቱን በስሙ ብቻ መጥራት ግን ታሪኩን ያጎድላል ባይ ነኝ። ከቤት የማይጠፉት ሚስቶቹ ነበሩና።

ማስረጃው ከዚህ ቤት በፊት ይጀምራል። ቤተሰቡ በማውንቴን ሜዶውስ የከብት እርባታ ነበረው። በሴፕቴምበር 1857 የአካባቢው የሞርሞን ሚሊሻ ከፓዩት ተባባሪዎች ጋር ሆኖ፣ ከአርካንሶ ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዙ የነበሩ 120 ያህል ሰዎችን እዚያው ሜዳ ላይ ፈጀ። የተረፉት 17 ሕፃናት የተወሰዱት ወደ ሐምብሊን ቤት ነው። ሐምብሊን በቦታው አልነበረም፤ ሶልት ሌክ ከተማ ሄዶ በዚያው ወር ፕሪሲላ ሌቪትን በጣውንትነት አግብቷል። በደም የተነከሩትን ልጆች የተቀበለችው ቀድሞ ያገባት ሚስቱ ራሔል ናት። በ1859 የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ካርልተን ሊመረምር ሲመጣ፣ ልጆቹ እንዴት እንደደረሱ በዓይኗ ያየችውን የነገረችው እሷ ነበረች። በእርግጥ ቃሏን ስንሰማ ጎረቤቶቿ ተጠርጣሪዎች እንደነበሩ አንርሳ። ያም ሆኖ በዚያ ቤት የሆነውን ለታሪክ ያቆየችው እሷ እንጂ በስሙ የሚጠራው ባሏ አይደለም።

የሳንታ ክላራው ቤት የተሠራው ከጥፋት በኋላ ነው። ሰፋሪዎቹ የገነቡትን የድንጋይ ምሽግ በ1862 መጀመሪያ ላይ የሞላው ወንዝ ጠራርጎ ወሰደው፤ በቀጣዩ ዓመት የተሠራው አዲሱ ቤት ከጎርፉ ራቅ ብሎ ከፍታ ላይ ተቀመጠ። ምድር ቤቱ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ የራሔል፣ ሌላው የፕሪሲላ፣ እያንዳንዱም የራሱ ምድጃ ያለው። ባልየው ለብቻው የያዘው ክፍል የለም። የቤቱ ንድፍ የተቀየሰው በእመቤቶቹ ልክ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አንዳንዶች ከክፍሎቹ እኩልነት ተነሥተው ጣውንቶቹ በሰላም ይኖሩ ነበር ይላሉ። ይህን ግን ግድግዳ አይመሰክርም፤ እኩል ምድጃ እኩል ፍቅር ማለት አይደለም፣ ቅናትም ማለት አይደለም። ራሔል በ1865 ሞተች። በዚያው ዓመት ሐምብሊን የስዊዘርላንድ ተወላጇን ሉዊዛ ቦኔሊን አገባ፤ ቤተሰቡም እንደገና ባለ ሁለት እመቤት ሆነ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ቤቱን የሚስቶቹ ማለት የነበራቸውን ሥልጣን አጋንኖ ያሳያል የሚል። እውነት አለው። ቤተሰቡ በ1870 ገደማ ወደ ካናብ የተዛወረው ሚስቶቹ ስለ መረጡ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኒቱ ሐምብሊንን ወደዚያ ስለ ፈለገችው ነው። ያን የመሰለ ቤት የኖሩበት ሰባት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ለሙዚየም የተረፈው ግን እሱ ሆነ። ይሁንና መወሰንና መኖር የተለያዩ ናቸው። ትእዛዙ ከላይ ቢመጣም ጓዙን ጠቅልሎ፣ ልጆቹን ይዞ፣ አዲሱን ምድጃ ማንደድ የሴቶቹ ዕጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት አብሮ መኖር ራሱ አደጋ ሆነ። በ1882 የወጣው የኤድመንድስ ሕግ ከአንድ በላይ ሚስት ጋር አብሮ መኖርን ወንጀል አደረገ፤ ከሳሽም ጋብቻውን ማረጋገጥ ሳያስፈልገው አብሮ መኖሩን ማሳየት በቃው። ባለ ሁለት ምድጃው ንድፍ በፍርድ ቤት ማስረጃ በሆነ ነበር። የሐምብሊን ቤተሰብ የመጨረሻ ዓመታት በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ተከፋፍለው አለፉ፤ እሱም በ1886 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በፕሌዘንተን ሞተ።