ኤም-ፔሳ መጀመሪያ የታሰበው ለብድር ነበር

ሞያሌ ላይ አንድ ጆንያ ቦሎቄ ሲሸጥ ገዢው ስልኩን ያወጣል፤ ሻጯ መልእክቱ እስኪደርሳት ትጠብቃለች። «ገብቷል» ካለች ዕቃው ይጫናል። ይህን የለመድነውን አሠራር ማንም አስቀድሞ እንዲህ ይሁን ብሎ አልነደፈውም። ኤም-ፔሳ የተሠራው ለአበዳሪ ድርጅት ብድር መሰብሰቢያ እንዲሆን ነበር። የተለወጠው ስልኩን የያዙት ሰዎች በራሳቸው መንገድ ስለተጠቀሙበት ነው።

ሐሳቡ የመነጨው በእንግሊዙ ቮዳፎን ኩባንያ ይሠራ ከነበረው ከኒክ ሂውዝ ነው። ለሙከራው ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ተገኘ፤ ቮዳፎንም የራሱን ጨመረበት። ሱዚ ሎኒ የምትባል ባልደረባው ናይሮቢ መጥታ ከሳፋሪኮምና ፋውሉ ኬንያ ከተባለው አነስተኛ አበዳሪ ጋር ሥራውን ያዘች። ሙከራው በጥቅምት 2005 እ.ኤ.አ. ናይሮቢና ቲካ ላይ ተጀመረ። ተጠቃሚዎቹ ከ500 አይበልጡም ነበር።

የፋውሉ ተበዳሪዎች በቡድን ተደራጅተው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ ተሰብስበውም ይከፍላሉ። ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አዲሱ ዘዴ ግን ብድሩ ከየትም ቦታ በስልክ እንዲከፈል አደረገ። ታዲያ ገንዘቡን ከሱቁ ሆኖ የላከ ሰው ስብሰባ ለምን ይመጣል? የዕቁብ ዳኛ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ዕጣውን በስልክ እየላከ ከቀረ፣ ማን እንደተቸገረና ማን ሊጠፋ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ዋስትናው የቆመው ፊት ለፊት በመተያየት ላይ ነበር። የፋውሉ ሠራተኞችም ሥራ ተደራረበባቸው፤ በስልክ የገባውን ገንዘብ ከራሳቸው መዝገብ ጋር በእጅ ማመሳከር ነበረባቸው። ቴክኖሎጂው ሥራ ያቀልላል ተብሎ መጥቶ ለእነሱ ሥራ ጨመረ።

ለተበዳሪዎቹም መጀመሪያ ቀላል አልነበረም። ብዙዎቹ ስልክን ከመደወል አልፈው ተጠቅመውበት አያውቁም ነበርና ሥልጠናው ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ የሚስጥር ቁጥሩም ይረሳ ነበር።

ከለመዱት በኋላ ግን ያልተነገራቸውን ማድረግ ጀመሩ። መንገድ የሚሄደው ገንዘቡን ኤጀንት ዘንድ አስገብቶ ይሳፈርና ሲደርስ ያወጣዋል። ነጋዴው ለነጋዴ ይከፍላል። አንዱ ገጠር ላለ ዘመዱ የአየር ሰዓት ይገዛል። ሱቅ ያለው የቀን ሽያጩን ሌባ እንዳይወስደው ስልኩ ላይ ያሳድራል።

እዚህ ላይ አዘጋጆቹ ሊመሰገኑ ይገባል ባይ ነኝ። «ለዚህ አልሠራነውም» ብለው አልከለከሉም። የብድሩን ነገር ወደ ጎን ትተው፣ በመጋቢት 2007 ኤም-ፔሳን ለቤተሰብ ገንዘብ መላኪያ አድርገው ለሕዝብ ከፈቱት። በመጀመሪያዎቹ 8 ወራት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ማውጫው ሲም ካርዱ ላይ ስለነበር ርካሽ ስልክም ይበቃ ነበር፤ ኤጀንት የሆኑትም ሰው የሚያውቃቸው ባለሱቆች ነበሩ።

መንገደኛው ገንዘቡን አስገብቶ የሚሳፈርበት ልማድ ለእኛ አገር መንገድ ልክ የተሰፋ ነበር። ከሞያሌ ወደ ኢሲዮሎ አስፋልቱ ከመጠናቀቁ በፊት መንገዱ አቧራና ድንጋይ፣ ሲብስም ሽፍታ ያለበት ነበር። ጥሬ ገንዘብ በመቀነት ታጥቆ መሄድ ምን እንደሚመስል የዚያን ጊዜ ነጋዴዎች አይረሱትም።

በኢትዮጵያ በኩል ቴሌብር በ2021፣ የኢትዮጵያው ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2023 ሥራ ጀመሩ። የኬንያው መስመር ድንበሩን አልፎ ስለሚይዝ ወዲያ ማዶ ያሉ ብዙዎች ከዚያ በፊትም የኬንያ ሲም ነበራቸው። ነገር ግን የሽልንጉ ቦርሳ ሌላ ነው፣ የብሩም ሌላ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም የሚገዙት ለሁለት ብሔራዊ ባንኮች ሕግ ነው። ከአገር ወደ አገር መላኪያ ሲሠራም ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ለቤተሰቡ የሚልክ ሰው ነው። የድንበር ነጋዴ ገንዘብ ግን ጠዋት በሽልንግ ይሄዳል፣ ከሰዓት በብር ይመለሳል፣ ማታ እንደገና ሽልንግ ይሆናል።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ሁለት ስልክ እንይዛለን። አጠገባቸው ደብተር አለ፤ በግራው ገጽ ሽልንግ፣ በቀኙ ብር፣ ከላይ የዕለቱ ምንዛሪ በእስክሪብቶ ተጽፏል። እስከ ዛሬ «እስቲ ያንን ደብተር ያሳዩኝ» ብሎ የመጣ የስልክ ኩባንያ ሰው አላጋጠመኝም።