የ18 ወር ሒሳብ

ሕግን ማወቅና ሕጉ የሚያስከትለውን ማወቅ አንድ አይደሉም። ለዚህ ወንዝ መካከል የቆመ ዐለት ጥሩ ምስክር ይመስለኛል። ውኃ ዐለቱን የሚዞርበትን ሥርዓት የሚገዛው ቀመር በናቪዬና በስቶክስ እጅ ከ1822 እስከ 1845 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተጽፎ አልቋል። ከዚያ ቀመር አንዲት አዙሪት በቁጥር ለማውጣት ግን ትውልድ አልፎ ትውልድ ተተካ።

በ1933 ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ቶም በክብ ዘንግ ዙሪያ የሚያልፈውን ዝግተኛ ፍሰት አስልቶ አሳተመ። ብልሃቱ ሲነገር ቀላል ነው፤ በዘንጉ ዙሪያ የሐሳብ መረብ ይዘረጋል፤ በየቋጠሮው ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር እየተመሳከረ ይታረማል። ይሁንና አንዱ ሲታረም ሌላው ይናጋል። ስለዚህ ለውጡ እስኪከስም ድረስ መረቡን መላልሶ መዞር ግድ ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ጃፓናዊው ሚቱቶሲ ካዋጉቲ ያንኑ ዘንግ በፈጠነ ፍሰት መካከል አቆመው። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የሒሳብ መኪና ነበር። በሳምንት 20 ሰዓት፣ አንድ ዓመት ተኩል ሠራ፤ ስደምረው 1,500 ሰዓት ያህል ይሆናል። ምን አገኘ? ከዘንጉ ጀርባ ጎን ለጎን የሚሽከረከሩ፣ ከቦታቸው የማይለቁ ሁለት አዙሪቶች። የስሌቱ ሬይኖልድስ ቁጥር 40 ነበር፤ ይህ ቁጥር የፍሰቱን ግፊያ ፈሳሹ በዝልግልግነቱ ከሚያሳየው እምቢታ ጋር ያነጻጽራል። ወደ 50 ሲጠጋ አዙሪቶቹ እየተፈራረቁ ከዘንጉ መላቀቅ ይጀምራሉ፤ በብዙ ሺህ ሲቆጠር ሁከት ይነግሣል። ያ ሁሉ ድካም እንግዲህ የደረሰው እስከ ጸጥታው ዳርቻ ነው።

የሰው ልጅ ግን ሁከቱንም ማስላት ነበረበት። ፕራንትል በ1904 እንዳስተማረው፣ ጠጣር አካልን የነካ ፈሳሽ እዚያው ይቆማል፤ ከበላዩም ፍጥነቱ ቀስ በቀስ የሚያድግ ስስ ንጣፍ ይፈጠራል። ከጠጣሩ የሚወጣ ሙቀት ይህን ንጣፍ ማለፍ አለበት። ሁከት ደግሞ ትኩሱን ከግድግዳው ጠርጎ ቀዝቃዛውን ያቀርባል። የአውሮፕላን ሞተር ምላጭ የራሱን ብረት በሚያቀልጥ ጋዝ መካከል ሳይቀልጥ የሚሠራው፣ መሐንዲሶች በዚህ ንጣፍ የሚያልፈውን ሙቀት አስልተው ስለሚያቀዘቅዙት ነው።

በ1987 ጆን ኪም፣ ፓርቪዝ ሞይንና ሮበርት ሞዘር በሁለት ጠፍጣፋ ግድግዳዎች መካከል የሚነውጠውን ፍሰት፣ ሁከቱን በአማካይ ግምት ሳይተኩ፣ 4 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ባሉት መረብ በኮምፒዩተር አሰሉት። በ1989 ኪምና ሞይን ሙቀትን ጨመሩበት።

የካዋጉቲን ሥራ ዛሬ ተራ ኮምፒዩተር ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ፍጥነቱ ግን 18ቱን ወራት ከንቱ ያደረጋቸው አይመስለኝም፤ ኮምፒዩተሩም ቢሆን በየነጥቡ እየቆመ ጎረቤቱን መጠየቁ አልቀረም። ካዋጉቲ ራሱ ስለዚያ ጊዜ የጻፈው ጥቂት ነው፤ ሥራው ብዙ ድካምና ጽናት እንደጠየቀ ጠቅሶ ወደ ውጤቱ አለፈ።