ካልሲ ሠሪዎቹ የጠየቁት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሥራ ታሪክ አንጻር



«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ይነጥቀናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። የታሪክ መምህር የነገን መናገር አይችልም፤ ጥያቄው ቀድሞ የተነሣበትን ዘመን ማሳየት ግን ይችላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝን ሉዳይቶች «ማሽን የሚፈሩ ኋላ ቀሮች» እያልሁ አስተምሬያለሁ። ተሳስቼ ነበር። በ1811 በኖቲንግሃምሻየር ማሽን መስበር የጀመሩት ካልሲ ሠሪዎች ራሳቸው በማሽን የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ማሽኑ የተፈለሰፈው በ1589 ነውና ሙያው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አብሮት ኖሯል። ያገኙትንም ሁሉ አልሰበሩም። በአብዛኛው የለዩት የእጅ ዋጋ የቀነሱትን፣ ሙያውን ያልተማረ ሰው የቀጠሩትን፣ ጨርቅ ቆርጠው እየሰፉ ቶሎ የሚተረተር ካልሲ የሚሸጡትን አሠሪዎች ማሽን ነበር።

መዶሻ ያነሡት ለምንድን ነው? በ1799 እና በ1800 የወጡት ሕጎች ሠራተኞች ተደራጅተው ስለ ደመወዝ እንዳይደራደሩ ከልክለው ነበር። ፓርላማው በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በጌቶች ምክር ቤት ቢቃወምም ሕጉ ጸደቀ። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ ከንቅናቄው ጋር በተያያዘ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ሮበርት አለን እንዳሰላው፣ ከ1780 እስከ 1840 በብሪታንያ የአንድ ሠራተኛ ምርት 46 በመቶ ሲያድግ የደመወዙ የመግዛት አቅም ያደገው 12 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደመወዝ በርግጥ አድጓል። ነገር ግን ስድሳ ዓመት የአንድ ሰው ዕድሜ ነው፤ «ውሎ አድሮ ይስተካከላል» የሚለው መጽናኛ ለብዙዎቹ በሕይወት ሳሉ አልደረሰላቸውም።

ወደ ዘመናችን ልምጣ። በ2023 የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች ለ148 ቀናት ሥራ አቆሙ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚመለከት ነበር። በመጨረሻው ውል ማሽኑ እንደ ጸሐፊ እንዳይቆጠር፣ ኩባንያዎችም ጸሐፊውን በእርሱ እንዲጠቀም እንዳያስገድዱት ተስማሙ። ማሽኑ አልታገደም፤ አጠቃቀሙ ግን የድርድር ጉዳይ ሆነ።

ካልሲ ሠሪዎቹ ያጡት፣ ጸሐፊዎቹ ያገኙት ይህን የመደራደር መብት ነው። ታዲያ በየቤቱ ብቻውን ለሚተረጉመው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጠው፣ ገና ለሥራ ለሚያመለክተው ወጣት ማን ይደራደርለታል? ውይይታችን ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።