የደህንነት ጉድለት ያለበት ሽጉጥና የባለፈቃዱ ኃላፊነት

ቃታው ሳይሳብ በመውደቁ ብቻ ሊተኩስ የሚችል ሽጉጥ የደህንነት ጉድለት ያለበት ነው። ለአብነት፣ ፒ320 የተሰኘው ሽጉጥ በተወሰነ አኳኋን ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በመታወቁ፣ አምራቹ ሲግ ሳወር በነሐሴ 2009 ዓ.ም. የቃታና የውስጥ ክፍሎች ማሻሻያ ያለ ክፍያ አቅርቧል። ማሻሻያው በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ሽጉጡን ያላቀረበ ሰው ጉድለቱን እንደታጠቀ ይቀራል።

ስለሆነም ጉድለት የተጠረጠረበት ሽጉጥ ያላቸው ባለፈቃዶች፦

1. አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረው ካርታውን ማውጣት፣ በበርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን ማረጋገጥ፤
2. ሽጉጡን ከመታጠቅ መቆጠብ፣ ቃታውን በራሳቸው አለመፍታትና አለመሞረድ፤
3. የመለያ ቁጥሩን ይዘው አምራቹን መጠየቅ፤
4. በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በኢትዮጵያ ፈቃድ የተሰጣቸው ከሆኑ፣ ከማስጠገናቸው በፊት ፈቃድ የሰጣቸውን አካል ማማከር ይኖርባቸዋል።